የምዕራፍ ብርጭቆ

ልጅ ሳለሁ እናቴ ከአንድ ዓሣ አስጋሪ ጋር ስታወራ ሰምቻለሁ፤ ግማሹን ረስቼዋለሁ። «ይሄን ውሃ ማን አምኖ ይጠጣዋል?» ስትለው፣ «ንጹህ ነው የሚለው ሰውዬ ልጆች ይቅመሱታ!» ብሎ የሳቀ ይመስለኛል።

ያ ቀልድ ዛሬ ሕግ ነው። የሐይቁን ውሃ የሚመረምር ሰው «ንጹህ ነው» ብሎ ሲፈርም፣ የከተማው ቧንቧ ከመከፈቱ በፊት ቤተሰቡ በሙሉ ይጠጣል። እኔ በጎልማሳነቴ ከመጻሕፍት ተምሬ የተቀጠርኩ ጀማሪ መርማሪ ነኝ። አምና ፈርሞ ቤተሰቡን ያጠጣ አንድ ባልደረባዬ ዛሬ ለብቻው ነው የሚበላው።

ዛሬ ጠዋት የውሃ መመርመሪያው መሣሪያ ንጹህ ነው አለ። ሐይቁ ዳር ግን ውሃ የሚመርዘው አረንጓዴ አልጌ እንደ ፈሰሰ ቀለም ተንሳፍፏል፤ ወፎቹም አልቀረቡትም። ከተማው ውሃ ከተጠማ ሰንብቷልና ፈረምኩ።

ባለቤቴ ስንዱ ሦስት ብርጭቆ ደረደረች። ልጃችን ምዕራፍ የራሷን በአፉ ደፋችው።

«አባዬ፣ ለምግብ አጭር ነው የምትጸልየው። ለውሃ ለምን ታስረዝመዋለህ?»

ስንዱ ሳቀች። ከዚያ ብርጭቆዬን አንስቼ መልሼ ሳስቀምጠው አየች።

«አንተ፣ ፈርተሃል እንዴ?»

«መሣሪያው ንጹህ ነው ብሏል።»

«መሣሪያው ልጅ የለውም! አንተን ነው የጠየቅኩህ።»

ስልኩ ጮኸ። አለቃዬ ወይዘሮ አስካለ ናቸው።

«አቶ ይልቃል፣ ጠጣችሁ? ሰዉ ጀሪካን ይዞ ተሰልፏል እኮ፤ ልክፈት?»

በአፉ የተደፋውን የምዕራፍን ብርጭቆ አየሁት።

«አልጠጣንም፤ አንጠጣምም። ፈርቻለሁ።»

ከወዲያ የባዶ ጀሪካን ኳኳታ ይሰማል።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «አልከፍትም። ለሰዉም ራሴ ወጥቼ እነግራለሁ።»