ከድልድዩ ሥር የሚጣራው

«ሲመሽ ከድልድዩ ሥር ሰው ይጣራል» ይሏታል ጎረቤቷ እትዬ ጥጊቱ፣ ባገኟት ቁጥር።

«እስካሁን ጉሮሮው አልደረቀም?» ትመልሳለች። አፏ ምላጭ ነው።

ማንም ሳያስተምራት ከአንዱ አዛውንት ደጃፍ ወደ ሌላው እየዞረች የወረዳውን የዘር ሐረግ በቃሏ ይዛለች። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ በሌለበት አገር፣ ልጁን የሚድር ሁሉ እሷን ሳይጠይቅ ጠላ አይጠነስስም። የምትወደው ሞላልኝ ሽማግሌ ሲልክባትም የቆጠረችው ራሷ ናት። ቅድመ አያቷ ቢሻውና የሱ ቅድመ አያት ወንድማማቾች ሆነው አገኘቻቸው።

«እስቲ እንደገና ቁጠሪ» ብሎ ለመናት።

«እኔ ቆጥሬ ተሳስቼ አላውቅም» አለችው። በማግስቱ ሬሳውን ከድልድዩ ሥር አወጡት።

ዛሬ አያቷን፣ ከቢሻው ልጆች በመጨረሻ በሕይወት የቀሩትን፣ ቀብረው ሲመለሱ ድልድዩ ላይ መሸባቸው። እትዬ ጥጊቱ ክንዷን ይዘው ቆሙ።

«ልጄ፣ ከእንግዲህ መናገር እችላለሁ።»

«የማንን ስም እንደሚጣራ ከሆነ ይተዉት» አለች፣ ዓይኗን ከውሃው ሳትነቅል። «እኔም እሰማዋለሁ።»

«እሱን አይደለም። ከቢሻው ልጆች አንዱ እንኳ በሕይወት እያለ ትንፍሽ እንዳልል እናቴ አስምላኝ ነበር፤ ባዳ እንዳይባሉ ብላ። ዛሬ መሐላው ወረደልኝ።» የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። «ቢሻውን ከሩቅ አገር በማደጎ አመጡት እንጂ፣ ከዚያ ቤት አልተወለደም።»