የራጂው መፍቻ

አባቷ በጥገና ሱቁ ተቀምጦ አንድ የብስክሌት ቸርኬ ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ከቸርኬው ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ከራጂዎቹ፣ የአንዱን ጥርሷ የተበላ ዳዶ በአዲስ ሊተካ ይታገል ነበር። ጣቶቹ አልታዘዝ አሉትና ስንዴ የምታክለው ዳዶ ደግማ አመለጠችው፤ ቸርኬው ሆድ ውስጥ ገብታ ተንኳኳች። «የት አባቷ ገባች ደግሞ!» አለና ይነቀንቀው ጀመር። ልጅቷ ወደ በሩ አየት አደረገች። የሸከፈችው ሻንጣ ከበሩ ኋላ ነበር። የምትሳፈርበት አውቶቡስ ሊነሳ ትንሽ ቀርቶታል፤ እሷ ደግሞ ይህችን ሥራ ሲጨርስ ከቤት ለቃ መሄዷን ልትነግረው ለራሷ ቃል ገብታለች።

«አምጣው በቃ፣ አባዬ!» አለችና ነጠቀችው። ዳዶዋን አራግፋ አወጣች፤ በትርፍ ራጂ ጫፍ ገልብጣ ሰካችና በቀዳዳው አሳልፋ ከተፈታው ራጂ ጋር አገናኘቻት። ከአንገቱ በሲባጎ የሚያንጠለጥለውን መፍቻ ተቀብላ አጠበቀችና ቸርኬውን አሽከረከረችው። ሳይወላገድ ዞረ። እንዲያልቅላት ብቻ ነበር የቸኮለችው።

አባቷ ቸርኬውን አላየም፤ የሚያየው እጆቿን ነበር። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል አሉ» አለ ቀስ ብሎ። «ሱቁን ለማን እተወዋለሁ እያልኩ ስብሰለሰል፣ ለካ አንቺ አጠገቤ ነበርሽ።» መፍቻውን ልትመልስለት ስትዘረጋ ሲባጎውን በእሷ አንገት አጠለቀላት።

«አባዬ፣ እኔ እኮ...»

«ጋሼ፣ ይሄ ይሠራልኛል?» አለ አንድ ሰው፣ ብስክሌቱን እየገፋ በሩ ላይ ቆሞ።

«እሷን አናግራት» አለ አባቷ። ግድግዳውን ተደግፎ እፎይ አለና ዓይኖቹን ጨፈነ።

ሰውየው ወደ ውስጥ ሲራመድ፣ እንዳያደናቅፈው ብላ ሻንጣዋን በእግሯ ወደ ጥጉ ገፋችና ብስክሌቱን ተቀበለችው።