እስከ ፏፏቴው ድረስ

ሴትዮዋ የእንጨቱ ድልድይ ላይ ቆማ የባሏን ጀርባ አየች። ዛፍ በሌለው የፓርኩ ሜዳ፣ ወንዙን ተከትላ በምትሄደው ቀጭን መንገድ፣ እንደ ልማዱ ሃያ እርምጃ ቀድሟት ይገሰግሳል። ሃያ ሁለት ዓመት ያየችው ያንኑ ጀርባ ነው። ጠዋት ከመኪና ስትወርድ ለራሷ ቆርጣ ነበር፤ ፏፏቴው ጋ ሳይደርስ አንዴ ዞር ብሎ ካያት አብራው ወደ ቤት ትመለሳለች፤ ካልዞረ ግን በቀጥታ እህቷ ቤት ነው የምትገባው።

የፏፏቴው ድምፅ እየቀረበ መጣ፤ የውሃው ብናኝ ፊቷን አራሰው። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ሰውየው ቆመና ዞረ። እሷም ባለችበት ቆመች።

«አንቺ!» አላት እጁን ዘርግቶ፤ «ውሃው አንቺ ጋ ነው እንዴ?»

ይሄም ዞረ ይባላል? ትንሽ አሰበችበት። ከዚያ ሄዳ ኮዳውን አቀበለችው፤ ቦርሳውንም ከትከሻዋ አውርዳ እሱ ትከሻ ላይ አንጠለጠለችው።

«ምነው?» አለ፣ ውሃው በአገጩ እየወረደ።

«ምንም። እስቲ አንተ ተሸከም፤ እኔ ደግሞ ፊት ፊት ልሂድ።»

ገፋ አድርጋው አለፈች።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል!» ሲል ከኋላዋ ሰማችው። አልዞረችም። የእህቷን ቤት ግን ለሌላ ቀን አሳደረችው።