ገብረመድኅን የሚል ሸክላ

አለባቸውና ሚስቱ ይመኙሻል የሰሜንና የደቡብ ሱዳን ሰላም በተፈረመ በዓመቱ ከካርቱም ጁባ መጥተው ሀይ ጀላባ ሰፈር ምግብ ቤት ከፈቱ። ጎረቤት ሁሉ በመዋደዳቸው ይቀናል። ጠብ ቢነሳ እንኳ እሷ ሽንኩርት ስትከትፍ ማንጎራጎር ስታበዛ ነው። «ቤቴን የአዝማሪ ቤት አታድርጊብኝ!» ይላታል፤ ማንጎራጎሯን ትታ መክተፏን ትቀጥላለች።

አንድ ቀን በዕውቀቱ የሚባል፣ የድሮ የዘፈን ሸክላ እየገዛ ለኸዋጆች፣ ለነጮቹ፣ የሚሸጥ ሰው ምሳ ሊበላ ገባ። የሸክላ ወሬ ሲያነሳ ይመኙሻል ጓዳ ገብታ ከሻንጣዋ ውስጥ፣ ከልብሶቿ ሥር፣ አንድ ሸክላ አወጣች።

ሰውዬው ገልበጥ አድርጎ አየና ተነሳ። «ስድስት መቶ ዶላር!»

«ላሳይህ ነው እንጂ አልሸጠውም» አለችው።

አለባቸው በትከሻዋ በኩል አጮለቀ። መሃሉ ላይ «ገብረመድኅን» ይላል። የወንድ ስም፣ ያውም ከሚስቱ ልብስ ሥር!

ማታ አፋጠጣት። «ማነው ይሄ ሰውዬ?»

«አላውቀውም። ፋብሪካው ተሳስቶ ነው ስሙን የለጠፈበት።»

«ለስህተት ነው ስድስት መቶ ዶላር የሚከፈለው?»

«ኸዋጆቹ ስህተቱን እኮ ነው የሚፈልጉት!»

«ካላወቅሽው ታዲያ ለምን አትሸጪውም?»

ሸክላውን በነጠላዋ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ መለሰችው።

ከዚያ ወዲያ አለባቸው ሰው አልሆነም። አትላባራ ሰፈር ያለው ጎሚስታ ገብረመድኅን፣ ሸክላው ሲታተም ያልተወለደው ልጅ፣ በጠራራ ቀን «ሽሮ አልቋል» ተብሎ ተመለሰ። ሌላው ሁሉ ሽሮ እየበላ!

እሑድ ይመኙሻል ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሻንጣዋን ከፈተ። ስሙን በቢላ ጫፍ ፍቆ ፍቆ አጠፋው። አልበቃውም። ከቤቱ ጭራሽ ይውጣለት ብሎ በዕውቀቱ ወዳረፈበት ሆቴል፣ እዚያው ጁባ አማራት ሰፈር ድረስ ይዞት ሄደ።

«ውሰደው። በነፃ።»

በዕውቀቱ አየውና ራሱን ያዘ። «ምን አደረጉት ጋሼ! ዋጋው እኮ ስሙ ላይ ነበር! የተሳሳተው ስም ያለባቸው ከአሥር አይበልጡም። አሁን ተራ ሸክላ አደረጉት።»

«ዘፈኑስ ጠፋ?»

«ዘፈኑማ ምን ይሆናል።»

«እስቲ ክፈተው። ትዳሬን ያፈረሰውን ሰውዬ ድምፁን ልስማው።»

በዕውቀቱ ሸክላውን ማጫወቻው ላይ አድርጎ መርፌውን አሳረፈ። መጀመሪያ ሳክስፎን ተነፋ። አለባቸው ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ።

ከሸክላው ውስጥ ይመኙሻል መዝፈን ጀመረች።