እስክሪብቶ የማይገባበት ክፍል

የድሮ ጋዜጦች በሚነበቡበት ክፍል እስክሪብቶ አይገባም። መጻፍ የፈለገ ሰው ከኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ፣ ከቆርቆሮው ውስጥ እርሳስ ይወስዳል፤ ሲወጣ ይመልሳል። መቅረጫው ከተሰበረ ወዲህ እርሳሶቹን በምላጭ የምትቀርጸው ራሷ ኃላፊዋ ናት። አንባቢዎች በሌለችበት «እሜቴ ዝም» ይሏታል። ታውቃለች፤ አልከፋትም።

ከዓመት ፈቃዷ በተመለሰች ማግስት አንዲት ወጣት ገባች። እሜቴ ዝም ገና በሩ ላይ እንዳየቻት ፊቷ ተለዋወጠ። ልጅቷ ማንንም ሳትጠይቅ ከቆርቆሮው እርሳስ መዝዛ፣ ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የእናቷ ቤት ይመስል።

የምትፈልገውን የተናገረችው ዝግ ባለ ድምፅ ነበር። ያሳደገቻት አክስቷ ልትሞት ስትል፣ እናቷ በተማሪነቷ ተሸልማ ፎቶዋ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ እንደነበር ነግራታለች። ዓመቱን ታውቀዋለች። ከዚያ ሌላ የእናቷ የሆነ ነገር የላትም።

«የጠፋ ሰው የሚፈለገው ፖሊስ ጣቢያ ነው» አለች እሜቴ ዝም።

«ይሁን እትዬ። የዚያን ዓመት ጥራዝ ብቻ ይስጡኝ።»

«ሊጠገን ሄዷል።»

«እጠብቃለሁ።»

ጠበቀች። በየቀኑ እየመጣች የሌላ ዓመት ጥራዝ ትዘረጋለች፤ ገጽ ስትገልጥ ግን ብዙም አትታይም። ቀና ባለች ቁጥር ዓይኗ እሜቴ ዝም ላይ ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሌባ ነው፤ የጠባቂውን አመል ያጠናል። አንድ ቀን ደግሞ ሻይ ልጋብዝዎት ብላ ቀረበች። ከአንባቢ ጋር ሻይ አልጠጣም ተብላ ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

እሜቴ ዝም የበሩን ዘበኛ ጠርታ የልጅቷን ቦርሳ እንዲፈትሽ አዘዘችው። ትልቅ መቀስ ተገኘ። ልብስ ሰፊ ነኝ አለች ልጅቷ።

«እትዬ፣ በዚህስ ድንኳን እንጂ ጋዜጣ አይቆረጥም» አለ ዘበኛው።

እሜቴ ዝም አልሳቀችም።

በሚቀጥለው ሳምንት ጥራዙ ከጥገና ተመለሰ ተባለ። ራሷ ተሸክማ አምጥታ ልጅቷ ፊት ዱብ አደረገችው።

«ይኸው፣ ጥገቢ!»

ብላ ወደ ጓዳው ገባች። ስትወጣ ጥራዙ ተዘግቷል፤ ልጅቷ እጆቿን ከላዩ አሳርፋ ቁጭ ብላለች። እሜቴ ዝም እንደ ደንቡ ከመረከቧ በፊት ገጾቹን አገላበጠች። አንዱ ገጽ ከሥሩ ተቆርጧል።

ጮኸች። በዚያ ክፍል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር የሰማት ሰው አልነበረም፤ አንባቢው ሁሉ ብድግ አለ። ዳይሬክተሩ መጣ። ቦርሳው ተገለበጠ፤ መቀስ፣ ሜትር፣ የክር ጥቅልሎች። ገጹ የለም። ዳይሬክተሩ ምናልባት ከድሮም የጎደለ እንዳይሆን ብሎ ሊያበርድ ሞከረ።

«ይህን ክፍል ዕድሜዬን ሙሉ ጠብቄዋለሁ» አለች እሜቴ ዝም። «እሷ እስክትመጣ አንድ ገጽ አልጎደለበትም። ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ እኔ እወጣለሁ።»

ዳይሬክተሩ ወደ ልጅቷ ዞረ። ምን እንደምትል ጠየቃት።

«እትዬ ካሉ እንዳሉት ይሁን» አለች።

ዳግመኛ በዚህ ቤት ደጃፍ ዝር እንዳትል ተነገራት። ክሩን፣ ሜትሩን፣ መቀሱን ተራ በተራ ለቅማ ወደ ቦርሳዋ መለሰች። እሜቴ ዝም ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች።

ዳይሬክተሩ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። ልጅቷ እርሳሱን ቆርቆሮው ውስጥ መለሰችና ወደ እሜቴ ዝም ጆሮ ጎንበስ አለች።

«ፎቶሽን አንቺ ፈቃድ ላይ ሳለሽ አይቼዋለሁ፣ እማዬ፤ ከዚያ ወዲህ የመጣሁት አንቺን ለማየት ነው።»