አፉን የከፈተው አንበሳ

«ሃያ ሁለት ኪሎ ተኩል! አንድ ጫማ መጨመር ትችያለሽ» አለኝ ባሌ ሙላቱ፣ ሻንጣዬን አንጠልጥሎ የሚዛኑን ቁጥር እያነበበ። ደስ ብሎታል። አባቴ ከሞተ አሥራ ሰባት ቀኑ ነው። ባሌ ያውቃል፣ ልጄ ሃሴት ታውቃለች፣ የሰፈራችን የሬኒየር ቢች አበሻ በሙሉ ያውቃል። እኔ ማወቄን ግን አንዳቸውም አያውቁም።

የሰማሁት ትናንት ነው። ፌደራል ዌይ ከተማ አብራኝ አረጋውያን የምትንከባከበው ኡሙልኸይር ፈረቃ ስንቀያየር ጥምጥም ብላብኝ «አላህ ያጽናሽ እህቴ፣ የአባትሽን አፈሩን ያቅልልላቸው» አለችኝ። እሷ ምን ታድርግ? በእነሱ ቤት ሰው ጠዋት ከሞተ ከሰዓት ይቀበራል፣ ልጅ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይነገረዋል። አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ መርዶ ይደበቃል ብላ እንዴት ታስብ? መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ቆልፌ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። እንባዬን ንዴት አደረቀው።

«ፓስፖርት?» አለ ሙላቱ።

«ይዣለሁ።»

«የመርከቡስ ወረቀት?»

«ይዣለሁ አልኩህ።»

መቶ ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ መርከብ ናት፤ ትልልቆቹ የማይገቡባቸውን የጃፓን ወደቦች ታዞራለች። ማታ ማታ የታሪክ ምሁር ገለጻ ያደርጋል፣ የሻይ ሥርዓት አለ፣ የድሮ ቤተ መንግሥት አለ፣ የአትክልት ቦታ አለ። ጓደኞቼ «ደግሞ አበሻ በመርከብ ሽርሽር!» ብለው ስቀውብኛል። ለሻዩም ለአትክልቱም ግድ የለኝም። እኔ የምፈልገው ኦኖሚቺ የሚባል ወደብ ወርጄ አንድ ድንጋይ ማየት ነው።

አባዬ ኮሪያ ዘምቶ ሳለ ለእረፍት ጃፓን ተልኮ እዚያው ኦኖሚቺ ፎቶ ተነስቷል። ዕድሜው ሃያ ነው፤ ከአንድ ቤተ መቅደስ ደረጃ ሥር፣ ከድንጋይ አንበሳ ጎን ቆሞ ይስቃል። አንበሳው አፉን ገጥሟል። «ሁለት ነበሩ» ይለኝ ነበር። «በደረጃው ግራና ቀኝ። ያኛው አፉን በርግዶ ይጮኻል። ፎቶ አንሺው ፊልም አለቀበትና ቀረ።» ከሰባ ዓመት በኋላ ልጁን የለመነው ይህችን ብቻ ነው፤ አፉን የከፈተውን አንስቼ እንድልክለት።

«አባዬ ጋ ደውልልኝ» አልኩ። «ተሰናብቼው ልሂድ።»

ሙላቱ ሃሴትን አየ። ሃሴት ስልኳን አየች።

«ተኝተዋል እኮ።»

«አዲስ አበባ ገና ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። የሁለት ሰዓት ዜና ሳያይ መቼ ተኝቶ ያውቃል?»

«ኔትወርክም የለም። እ... ሶ ምን መሰለሽ፣ ጠዋት ቮይስ ልከውልሻል። ፎርዋርድ ማድረጉን ረስቼው ነው።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ነካው። የአባቴ ድምፅ ቤቱን ሞላው። «ሂጂ ልጄ፣ ውሃውን ጸጥ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ። በሰላም ግቢ።» ሙላቱ ቶሎ ብሎ አጠፋው።

ድምፁ የዛሬ ጠዋት አይደለም። ጥር ላይ፣ ጉዞውን መያዜን ስነግረው የላከልኝ ነው፤ ሙላቱም ይስማው ብዬ ያኔ የላክሁለት እኔው ነኝ። ትራፊክ ላይ በቆምኩ ቁጥር እሰማዋለሁ። የት ቦታ እንደሚያስል ሳይቀር አውቃለሁ።

«ይቀጥላል እኮ» አልኩት።

«ምኑ?»

«ትንሽ ያስላል። ከዚያ ‘አፉን የከፈተውን አደራ፣ እንዳትረሺ፤ እጠብቃለሁ’ ይላል። እሱን ለምን ቆረጥከው?»

ሙላቱ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለ። ደግ ሰው ነው፤ ይኼ ደግነቱ ነው ያንገበገበኝ።

«ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«ከሰው ሁሉ መጨረሻ ሰምቼ፣ ጭራሽ ማን ነገረሽ ትለኛለህ?»

«እጅጋየሁ፣ ለአንቺው ብለን ነው። መንገደኛ እንዴት ይረዳል? ስትመለሺ ሰው ሰብስበን፣ በወጉ...»

«በወጉ! አባቴ አፈር ገብቶ፣ እኔ ኮፍያ ሳማርጥ ‘ይሄኛው ያምርብሻል’ ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«አይም ሶሪ፣ ማም» አለች ሃሴት።

«አንቺም ዝም አልሽኝ!»

ሙላቱ ስልኩን አነሳ። «ኦኬ፣ በቃ። ኤርላይኑን ኮል አድርጌ ካንስል ላድርገው። ለእድሩ ሰዎች ለነብሥራትም ልደውል፣ ሰው ይምጣ።»

«አስቀምጠው! ማንም አይመጣም። እሄዳለሁ።»

«ሐዘንተኛ ሆነሽ? ሰው ምን ይላል?»

«አሥራ ሰባት ቀን ምንም ያላለ ሰው አሁን ምን ሊል ነው?»

ሻንጣውን ከሥሩ ጎትቼ ከፈትኩና ያንን ኮፍያ አውጥቼ ወረወርኩት። በቦታው ጥቁር ቀሚሴን ጠቀጠቅኩ። ስንት ኪሎ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። የአባዬ ፎቶ ቦርሳዬ ውስጥ መኖሩን በእጄ ዳስሼ አረጋገጥኩና ሻንጣዬን እየጎተትኩ ወደ በሩ ሄድኩ።

ሙላቱ ከበሩ በግራ፣ ሃሴት በቀኝ ቆመዋል። ሁለቱም አፋቸውን ገጥመዋል። ከትናንት ጀምሮ ያፈንኩት እሪታ ሊያመልጠኝ ደረሰ። ሃሴት ፊቴን አይታ ገባት።

«ማም፣ ፕሊስ» አለች። «ጎረቤቶቹ ፖሊስ ይጠራሉ።»

ሻንጣውን ለቀቅኩና አፌን ከፈትኩ።