መጀመሪያ እይ፣ ኋላ ጠይቅ

ዶክተር ዴዝ ሃርጊ ጉንጩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ገባ። ዶክተር ታምሲን የሥጋ ፓይዋን አስቀመጠች።

«ምን ነካህ?»

«ምላጭ ነው።»

ምላጭ! ይቺን ለሌላ። አውስትራሊያ፣ ታውንስቪል ከተማ ውስጥ ዕድሜ ልኩን ዓሣ ሲያጠምድ፣ ፀሐይ ሲጠብሰው የኖረ ሽማግሌ ጉንጩን ሸፍኖ ሲመጣ ማን ያምነዋል? ያውም የቆዳ ካንሰር መርማሪ።

ዴዝ ጡረታ ሊወጣ ስለሆነ ሰሞኑን የድሮ ናሙና ሳጥኖቹን ሲያጸዳ ነበር የሰነበተው። ዛሬ ግን የቆዳ ናሙና ያለበት አንድ የመስታወት ስላይድ ብቻ ይዞ መጣና ማይክሮስኮፗ ላይ አኖረላት። የታካሚው ስም ተሸፍኗል። የላቦራቶሪው ደንብ ነው፤ መጀመሪያ ታያለህ፣ ኋላ ትጠይቃለህ።

«ምንም ክፉ ነገር የለውም ተብሎ ነበር» አለ። «እስቲ አንቺ እዪው።»

ታምሲን የገዛ ጉንጩ ናሙና ነው ብላ ደነገጠች። ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው። ተማሪ ሳለች ከጀርባዋ የተቆረጠችውን ጥቁር ነጥብ መርምሮ፣ «ይቺማ ጌጥሽ ነበረች!» ብሎ ያሳቃትም እሱ ነው።

ገና የጀመረ የቆዳ ካንሰር ዓይነት ዓይነት አለው። አንደኛው የሽማግሌ ፊት ይወዳል፤ ሴሎቹ ከላይኛው ቆዳ ግርጌ ተሰልፈው ዓመታት ይቆያሉ። ሌላኛው ሽቅብ ይበተናል፤ ብዙም ሳይቆይ ቁልቁል ይወርዳል። የወረደ ደግሞ ይገድላል። አምላኬ፣ ቀርፋፋው ይሁንለት ብላ አጎነበሰች።

ቀለሙ ደብዘዝ ብሏል። ሴሎቹ ግን እንደ ተበተነ ዘር ሽቅብ ተረጭተዋል።

«ዴዝ...»

«ተናገሪ እንጂ!»

«ቀርፋፋው አይደለም። ሽቅብ የሚበተነው ነው። ጥቂቶቹም ቁልቁል መውረድ ጀምረዋል።» እንባዋ መጣ። ልታጽናናው ሞከረች። «ቆዳህ ግን የወጣት ነው፤ ያ አሮጌ ባርኔጣህ ጠቅሞሃል።»

ዴዝ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ዛሬ ነገ ሳይባል ዙሪያው ሰፋ ተደርጎ መቆረጥ አለበት» አለች። «ለመሆኑ ምንም የለውም ያለው የቱ ደነዝ ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ፕላስተሩን ከጉንጩ ላጠው። ቀጭን የምላጭ ጭረት ነበር።

«ነይ ታሚ፣» አለ፣ «ጌጥሽ ነበረች ያልኩሽን ቦታ፣ ጀርባሽን ልየው።»